ስለ ባለ ኮቷ ሴት የተሰጡ አስተያየቶች

መጋረጃውን የሰፋሁት እኔ ነኝ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር እሑድ ከሰዓት በኋላ በአዳራሹ የወዳጅ አገር ፊልም ይታያል ብሎ፣ ግድግዳው ስለ ተላላጠ ነጭ ጨርቅ ስፉልን አለ። ያን የሚያህል ሰፊ አቡጀዲ አልነበረንም። ሁለት ወርድ ገጠምሁና መካከሉ ላይ ከላይ እስከ ታች አንድ ስፌት ወረደ። እሑድ ዕለት የሴትዮዋ ፊት ያን ሁሉ ጨርቅ ሞልቶ ሲመጣ የእኔ ስፌት ግንባሯን፣ አፍንጫዋንና ከንፈሯን ለሁለት ከፍሎ አለፈ። ሰው ሁሉ በቁንጅናዋ አፉን ከፍቶ ሲያይ እኔ በስፌቴ አፍሬ አንገቴን ደፋሁ። ሌላ ሰው ልብ ያለው አልመሰለኝም።

ይህን ያነሣሁት ሙያዬን ለማስታወቅ አይደለም። ልብስ ሰፊ ፊልም ሲያይ እንደ ሰው ታሪኩን ተከትሎ አይሄድም፤ ዓይኑ እጅጌ ላይ፣ ክሳድ ላይ፣ ጠርዝ ላይ ይቀራል። በዚያ ቀንም ሌላው ሰው ያላየውን አንድ ነገር አየሁ። ስጠየቅ ግን አላየሁም አልሁ። በዚያች አንዲት ቃል ምክንያት አንድ ሰው ታሰረ።

የልብስ ሰፊዎች ማኅበራችን ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር ነበረች፤ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጋር ግድግዳ የምትጋራ የቆርቆሮ ቤት። አራት ሴቶች በመኪና እንሰፋለን፤ አንድ ወንድ ይቆርጣል። የምንሰፋው ካኪ ነው። ለተማሪው ካኪ፣ ለአብዮት ጥበቃው ካኪ፣ ለሴቶች ማኅበር ሰልፍ ካኪ። ካኪ የማናይበት ቦታ ቢኖር ሕልማችን ነው፤ እሱም አያስተማምንም።

የቀድሞው ቆራጫችን አርጅተው ሥራ ሲተዉ ከአዲስ አበባ አዲስ ቆራጭ ተላከልን። «ተላከ» የምትለው ቃል ብቻ ትበቃን ነበር። ማን ላከው? ለምን ወደ እኛ? ሰውየው አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቀጭን፣ ጥፍሩ ንጹሕ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ። መቀሱን ሲያስኬድ ጨርቁ ራሱ የሚከፈትለት ይመስል ነበር። እንዲህ ያለ እጅ ያለው ሰው የሚኒስትር ሱፍ መቁረጥ ሲችል፣ እኛ ዘንድ መጥቶ የተማሪ ቁምጣ የሚቆርጠው ምን ፈልጎ ነው? ፊት ለፊት «ጋሼ» እያልን በአክብሮት እናናግረዋለን። ዞር ሲል ስሙ «ያ ጆሮ ጠቢ» ነበር።

ግድግዳችን የቀበሌው ግድግዳ ስለሆነ ሥራ ቦታ አናወራም። ወሬ የምናወራው ካኪ ለመንከር ጣና ዳር ስንወርድ ነው። አዲስ ጨርቅ ሳይነከር ከተቆረጠ ኋላ ሲታጠብ ያጥራል፤ ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን ጣቃውን ተሸክመን እንወርዳለን፣ ሐይቁ ውስጥ እንነክራለን፣ ድንጋይ ላይ እናሰጣለን፣ እስኪደርቅም የልባችንን እንጫወታለን። ከጎኔ የምትሰፋው ጓደኛዬ ወረታ ከተማ ከጨርቅ ነጋዴዎች ቤት የተወለደች፣ የሱፍን ዓይነት በጣቷ ዳስሳ የምትለይ ልጅ ነበረች። «አየሽ፣ ሲቆርጥ መቀሱ ድምፅ የለው። እኔ ድምፅ የሌለው ቆራጭ አይቸ አላውቅም» ትለኛለች። ዛሬ ሳስበው መቀሱ ጥሩ ስለ ተሳለ ነው። ያኔ ግን ይህም ማስረጃ ሆኖ ተቆጠረበት።

እኔ ከሁላቸውም የባስሁ ፈሪ የሆንሁበት ምክንያት ነበረኝ። ታናሽ ወንድሜ በዚያ ዓመት በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ወጥቷል። ለጠየቀኝ ሁሉ ቁርጥማት ይዞት ወንዛዬ ፍል ውኃ ገብቷል እል ነበር። ለሁለት ሳምንት ጥሩ ውሸት ናት። አራት ወር ፍል ውኃ የከረመ ሰው ግን ተቀቅሎ ያልቃል እንጂ አይድንም። አንድ ቀን ቆራጩ ጎንበስ ብሎ በጠመኔ ጨርቅ እያሰመረ፣ «እህቴ፣ ወንዛዬ ሰው ስንት ቀን ይቆያል?» አለኝ። እግሬ መርገጫው ላይ ቆመ። «እንደ በሽታው ነው፣ ጋሼ» አልሁት።

እሑድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ከየቤቱ አንድ ሰው መምጣት አለበት፤ ያልመጣ ሰው ሰኞ ቀበሌው ሱቅ ሄዶ ስኳር ሲጠይቅ እሑድ የት እንደ ነበር ይጠየቃል። የቢሮ ሠራተኛው ከነሚስቱ፣ የፋብሪካ ሠራተኛው፣ አስተማሪው፣ ነጋዴው ሁሉ አለ። በሐይቁ በኩል ያሉትን መስኮቶች በእኛው ካኪ ሸፍነናቸዋል። የጣና ነፋስ ካኪውን ባነሣው ቁጥር ብርሃን ይገባና ሴትዮዋ ከነሽጉጧ ትጠፋለች። «ያዙት፣ ያዙት» ይባላል። ካኪው ሲያዝ ተመልሳ ትመጣለች።

ፊልሙ በማናውቀው ቋንቋ ነው። ሊቀመንበሩ አስቀድሞ ከወረቀት አነበበልን፤ ሴትዮዋ ጀግና ናት፣ ፋሺስቶች መካከል ሰርጋ ገብታ አለቆቻቸውን አንድ በአንድ ትገድላለች፣ ከወገኖቿ መካከል የወጣውንም ከሐዲ ትቀጣለች። ከዚያ መብራቱ ጠፋና መጣች።

ከባቡር ስትወርድ ነው የሚጀምረው። እስከ ባቷ የሚወርድ ግራጫ የሱፍ ኮት፣ ወገቡ በቀበቶ ጥብቅ ያለ፣ ክሳዱ ሰፊ፤ ወደ ጆሮዋ ዘንበል ያለች ትንሽ ባርኔጣ፤ ጥቁር ጓንት። ሰው ስትገድል አትቸኩልም፣ ጓንቷንም አታወልቅም። ከገደለች በኋላ መስታወት አውጥታ ከንፈሯን ታያለች። ጓደኛዬ ክንዴን ቆንጥጣ «እጅጌው ሁለት ቁራጭ ነው» አለችኝ በሹክሹክታ። እኔ ቀድሜ አይቼዋለሁ፤ እንዲያውም በልቤ ኮቱን ከካኪ ቆርጬ፣ ሰፍቼ፣ ለብሼዋለሁ።

መካከል ላይ ነገሩ ተበላሸ። ሴትዮዋ አንድ መልከ መልካም ወጣት ደረቱ ላይ ተኩሳ ጣለችው። የማሳያው መኪና ቆመና ፊልሙን ይዞ የመጣው ሠራተኛ ጥቅሉን ቀየረ። እንደገና ሲጀምር ያው የሞተው ወጣት ከእሷ ጋር ይደንሳል። አዳራሹ አጉረመረመ። አንዲት ትልቅ ሴት «በስመ አብ» ሲሉ ሰማሁ።

እኔ ግን ኮቱን አየሁ። ወጣቱን ስትገድለው የኮቷ የጀርባ ስንጥቅ እስከ ወገቧ ተተርትሮ በመርፌ ቁልፍ ተይዞ ነበር። አሁን ከዳንሱ ወጥታ ስትለብሰው ደግሞ ደህና ነው። ትንሽ ቆይታ በመስኮት ስትዘል ሚስማር ያዘውና ኮቱ ያን ጊዜ ተቀደደ። «ቅዳዱ አሁን ነው የሚመጣ» አልኋት ጓደኛዬን፤ «ያኛውን ከዚህ በኋላ ነበር ማሳየት።» ሳቀች። ቆራጩ ከኋላችን ተቀምጦ እንደ ነበር ያስታወስሁት አፌን ከዘጋሁ በኋላ ነው።

ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ በሩ ተቆለፈ። ይህ የተለመደ ነው። በቀበሌያችን ፊልም ማለት ግማሹ ማየት፣ ግማሹ መናገር ነበር። አስተያየት በየወንበሩ ይሰጣል፤ ጸሐፊው ስምና ቃል ይመዘግባል። «አስተያየት የለኝም» ማለትም አስተያየት ነው፤ ያውም ከሁሉ የከፋው። ስለዚህ ሰው አስተያየቱን የሚመርጠው ጫማ እንደሚመርጥ ነበር፤ የማይቆረቁረውን።

የሴቶች ማኅበር ተጠሪዋ ቀድማ ተነሣች። ታጋይ ሴት ባለ ታኮ ጫማ ማድረጓ አላስደሰታትም። «በዚያ ታኮ ድንጋይ ላይ እንዴት ሮጠች? ይህ የከበርቴ ፊልም ሠሪዎች ስሕተት ነው» አለችና ፊልሙ የወዳጅ አገር መሆኑ ትዝ ሲላት፣ «ስሕተቱ የጫማው ነው» ብላ ተቀመጠች። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ የሴትዮዋን የዓላማ ጽናት አደነቀ፤ ሚስቱ ከጎኑ ሆና ያደነቀው ጽናቷን ብቻ መሆኑን በዓይኗ መረመረችው። የእኛን ወንበር ወክላ ጓደኛዬ «ሴት ልጅ ከተማረች የማትሠራው ሥራ የለም» አለች። ጥሩ አስተያየት ናት፤ ለየትኛውም ፊልም ትሆናለች።

«በስመ አብ» ያሉት እናት ደግሞ ተነሥተው «ልጆቼ፣ ሙት አልተነሣም። የሞተው መንትያው ነው፤ እኔ ገና ሲመጣ በዓይኑ ለይቸዋለሁ» አሉ። ብዙ ሰው በመንትያው ተስማማ። አንድ የአብዮት ጥበቃ ግን ጥይቱ የውሸት ነው፣ ሴትዮዋ ለሁለት ወገን ትሠራለች አለ፤ እንዲያ ቆንጆ መሆኗ ከመጀመሪያው አላማረውም። ከዚያ በኋላ ጥርጣሬው ሰውን ሁሉ ያዘው። ባርኔጣዋን የጠረጠረ አለ፣ ባቡሩን የጠረጠረ አለ፣ አንድ አስተማሪ መስታወቷ ምልክት መስጫ ነው አለ። ጎረቤቱን ጠርጥሮ መናገር ያልቻለ ሁሉ በእሷ ተወጣው።

በመጨረሻ ሊቀመንበሩ ተነሣና ሟቹ መነሣቱ ትልቅ ትምህርት ነው አለ። ጠላት በአንድ ጥይት አይሞትም፤ ሞተ ስንለው ተመልሶ ከእኛው ጋር ይደንሳል። ወዳጆቻችን ሆን ብለው ሊያስተምሩን የፈለጉት ይህን ነው፤ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ። ተጨበጨበ። እኔም እጄን እስኪያመኝ አጨበጨብሁ።

ጭብጨባው ሳይበርድ ቆራጩ እጁን አነሣ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ጥቅሎቹ ተቀያይረው ነው» አለ። «ሦስተኛው ከሁለተኛው ቀድሞ ታየ። ሰውየው ሞቶ አልተነሣም። መጀመሪያ ደነሱ፣ ከዚያ ከዳት፣ ከዚያ ገደለችው።»

የፊልሙ ሠራተኛ ከቆርቆሮ ሣጥኖቹ ላይ ቀና አላለም። ሊቀመንበሩ ፈገግ አለ፤ ያን ፈገግታ የቀበሌያችን ሰው ያውቀዋል።

«ፊልሙን ከዚህ በፊት አይተኸዋላ፣ ጓድ።»

«አላየሁትም።»

«አገራችን ሲገባ ይህ የመጀመሪያው ነው። የት ሆነህ አየኸው? ማን ዘንድ?»

«አላየሁትም። ከኮቷ ነው ያወቅሁት። ስትገድለው የኮቷ ጀርባ ተቀዷል፤ በኋላ ስትለብሰው ደህና ነው። ልብስ ሰፊ የሆነ ሰው ያየዋል» አለና ወደ እኛ ወንበር ተመለከተ። ስም አልጠራም።

ሊቀመንበሩ የእሱን ዓይን ተከትሎ እኔ ላይ ደረሰ። «አንቺ ልብስ ሰፊ ነሽ። አይተሻል?»

በዚያች አፍታ ያሰብሁትን ሁሉ ዛሬም በቅደም ተከተል መናገር እችላለሁ። ሰውየው ከኋላዬ ሆኖ ሰምቶኛል፤ የተናገረውም እኔ ያልሁትን ነው። ለምን? እኔን ከተደበቅሁበት ሊያወጣኝ ነው። አይቻለሁ ብል ሊቀመንበሩን በሕዝብ ፊት ሐሰተኛ አደረግሁት ማለት ነው። ሰው ትግሉን ሲያይ ኮት ታያለች ይሉኛል፤ ከዚያ ቤትሽ ማን ማን አለ፣ ወንድምሽ ከወንዛዬ መቼ ይመጣል ይከተላል። ሁለቱ ተማክረው የሠሩት ነው፤ ይቅርታ መጠየቁም፣ ያ ፈገግታም፣ ወደ እኔ ማየቱም። እርግጠኛ ነበርሁ።

«አላየሁም፣ ጓድ ሊቀመንበር» አልሁ።

ጓደኛዬም ተጠይቃ አላየሁም አለች። ሌሎቹ ሁለቱ ሳይጠየቁ አላየንም አሉ። ቆራጩ ተቀመጠ።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዎች መጡና የዘረጋውን ጨርቅ ሳይጨርስ ይዘውት ሄዱ። ከግድግዳው ማዶ ወንበር ሲሳብ ሰማን፤ ጥቂት ቆይቶ መኪና ተነሣ። አራታችንም ጎንበስ ብለን እንሰፋ ነበር። ያን ቀን የሰፋሁትን እጅጌ በማግስቱ ሳየው በግልባጩ ገጥሜዋለሁ።

ሐሙስ ካኪ ልንነክር ስንወርድ ጓደኛዬ «ለማስመሰል ነው የያዙት» አለች። ጆሮ ጠቢን አስረው እስረኛ መካከል ይጥሉታል፣ እስረኛ ለእስረኛ ልቡን ይከፍታል፣ ይህ የታወቀ ነው። «እኔም ያልሁት ይህንኑ ነው» አልኋት። በጣም ጥሩ ሐሳብ ነበር። ይህን ካመንሁ እኔ ማንንም አላሳሰርሁም። ስለዚህ አመንሁት። ከዚያ ጨርቁ እስኪደርቅ አዳራሽ ውስጥ ያላልነውን እውነተኛ አስተያየታችንን አወራን፤ እሷ የወደደችው ሴትዮዋ ስትገባም ስትወጣም ማንንም አለማስፈቀዷን ነው፤ እኔ የወደድሁት ከኋላዋ ማን እንዳለ ዞር ብላ አለማየቷን።

በሚቀጥለው እሑድ ፊልሙ በፔዳ ሰፈር በኩል ባለ ሌላ ቀበሌ ሊታይ ነው ሲባል ዘመድ ልጠይቅ ነው ብዬ ሄድሁ። ከኋላ ቆሜ አየሁ። ሠራተኛው በዚህኛው ቀን ጥቅሎቹን በትክክል አስገብቷል። ደነሱ፤ ኮቷ ደህና ነው። በመስኮት ዘለለች፤ ተቀደደ። በመርፌ ቁልፍ ያዘችው። ከዚያ ገደለችው። አንድም ሰው አላማተበም። አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ የቆራጩን እውነተኛነት በዓይኑ አየ፤ ያየው ያ መሆኑን የምናውቅ ግን እኔና የፊልሙ ሠራተኛ ብቻ ነን። እሱ እንጀራው ነው፤ አይናገርም።

ሰኞ እስከ ቀበሌው በር ሄድሁ። የምናገረው አጭር ነበር፤ ፔዳ ሂዱና የፔዳን ሰው ጠይቁ። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ «ምን ነበር?» አለኝ። ቆራጩ አንድ ጊዜ አይቶ ከታሰረ፣ አንድን ፊልም ሁለት ጊዜ ያየሁትን እኔን ምን ይሉኛል? ማን ላከሽ ብለው ቢጠይቁኝ ማንም አልላከኝም ብል ማን ያምነኛል? «ስኳር ገብቶ እንደ ሆነ ልጠይቅ ነበር» አልሁት። «አልገባም» አለኝ። ተመለስሁ።

ከዚያ በኋላ መቁረጡ በእኔ ላይ ወደቀ። በሱ መቀስ፣ በሱ ጠረጴዛ። ክረምቱ ሲገባ የቢሮ ሠራተኛ ሚስቶች አንድ በአንድ መምጣት ጀመሩ። ብርድ ልብስ ወይም የባላቸውን አሮጌ ካፖርት በፌስታል ይዘው፣ በሩን አየት አድርገው፣ «ያንን ትሰፉልኛላችሁ?» ይላሉ። «ያንን» ምን እንደ ሆነ እናውቃለን። የጫማውን ታኮ ያወገዘችው የሴቶች ማኅበር ተጠሪ ሳትቀር መጥታለች። እኛ ግን እያንዳንዷን ማን ልኳት ይሆን እያልን ካኪ እንጂ ሌላ አንሰፋም ብለን መለስናቸው። በዚያ ክረምት ባሕር ዳር ውስጥ ስንት ሴት ያን ኮት በልቧ ለብሳ እንደ ሄደች እግዜር ይወቅ።

ስለ ወንድሜ ግን ማንም መጥቶ አልጠየቀኝም። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር። ቆራጩ ጆሮ ጠቢ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ቤቴ በተፈተሸ ነበር። ይህን ማሰብ አልወድም ነበር፤ ሲመጣብኝ መኪናዬን አፍጥኜ እረግጣለሁ። አንድ ጠዋት ለቆራጩ ቤት ያከራዩት ሴትዮ እቃውን አደራ ሊሰጡን መጡ። አንድ ሻንጣ፣ አንድ ካውያ፣ ግማሽ የሆነ የጉልበት ማሻ ቅባት። «ምስኪን፣ ጉልበቱ አላስተኛው ብሎ ነበር» አሉ። «ወንዛዬ ሊሄድ አስቦ፣ ስንት ቀን እንደሚቆዩበት አገሩን ሁሉ ሲጠይቅ ነበር የከረመ።» እኔ ቅባቱን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። እንዲያ ያለ ኀፍረት ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

ቆራጩ ሰባት ወር ታስሮ መጣ። ሌሎቹ ካኪ ሊነክሩ ወርደው እኔ ብቻዬን ነበርሁ። ራሱን ተላጭቷል፣ ሸሚዙ አልተተኮሰም፣ ደረጃዋን ሲወጣ ጉልበቱን ይዞ ነው። «ደህና ዋላችሁ» አለ፤ ሌላ ሰው ባይኖርም። ተነሥቼ መቀሱን ሰጠሁት። ስለቱን በአውራ ጣቱ ሞከረና፣ «ቁምጣ ነው?» አለኝ።

«ቁምጣ ነው፣ ጋሼ።»

መቁረጥ ጀመረ። እኔ መስፋት አልቻልሁም። ሰባት ወር ያጠናሁትን ቃል ሁሉ ረስቼ እንደ መጣልኝ ተናገርሁ።

«ጋሼ፣ እኔ አይቸ ነበር። ኮቱን። እርስዎ ሳይናገሩ በፊት አይቸዋለሁ። ፔዳም ሄጀ ደግሜ አየሁት፤ እርስዎ እንዳሉት ነው። አላየሁም ያልሁ እርስዎን ጠርጥሬ ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

መቀሱ ቆመ። መጀመሪያ በሩን አየ። ከዚያ ከቀበሌው ጋር የምንጋራውን ግድግዳ አየ። እኔን ያየኝ መጨረሻ ላይ ነው፤ ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም። ቢኖር ደስ ባለኝ።

«እህቴ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይህን እንድትነግሪኝ ማን ነው የላከሽ?»

«ማንም አልላከኝም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው እንዲህ ብሏል በያቸው» አለ። «ፊልምም አላየሁ፤ ኮትም አላየሁ። በትክክል ነው የታሰርሁት።»

ወደ ጨርቁ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት በአንድ ቤት ሠራን። ከሌሎቹ ጋር ይጫወታል፣ አንዳንድ ጊዜም ይስቃል፤ እኔ ስገባ ዝም ይላል።